ገና ያልተቀረጸ ፊልም ስንት ያስገባል?

ሁለት ዓይነት ጋኔን አለ። አንዱ ተጠርቶ የሚመጣ ነው፤ ወጣቶች ለጨዋታ ብለው ሻማ አብርተው፣ መነበብ የሌለበትን መጽሐፍ አንብበው በገዛ እጃቸው የሚስቡት። ሌላው ማንም ሳይጠራው መጥቶ፣ በሰላም የተኛ ቤተሰብ መርጦ የሚሰፍር ነው። በሆሊውድ ሒሳብ የሁለተኛው ዋጋ ይበልጣል።

ይህን ያለው ቪኒ ብሩዜዚ የተባለ የቀድሞ የስታቲስቲክስ መምህር ነው። ኒው ዮርክ ታይምስ በ2013 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) እንደዘገበው፣ ብሩዜዚና ባልደረቦቹ የፊልም ጽሑፍ ተቀብለው ቀደም ሲል ከወጡ ፊልሞች ጋር ያነጻጽሩ ነበር፤ ምን ቢስተካከል ገቢው እንደሚያድግም ይመክሩ ነበር። ለአንድ ጽሑፍ እስከ 20,000 ዶላር ያስከፍሉ ነበር። ከምክራቸው አንዱ የጋኔኑ ጉዳይ ነው፤ ራሱ ሰው መርጦ የሚያሳድድ ጋኔን ያለበት ፊልም፣ በወጣበት የመጀመሪያ ቅዳሜና እሑድ የተሻለ ገንዘብ ያመጣል።

ሲሰሙት ያስቃል። ቆም ብለው ሲያስቡት ግን ምክንያት አያጣም። ጋኔን ጠርቶ የተጎዳን ሰው ተመልካች «የእጁን ነው ያገኘው» ብሎ ያልፈዋል። ምንም ሳያደርግ ቤቱ የተወረረውን ሲያይ ግን «ነግ በኔ» ይላል፤ የአስፈሪ ፊልም ቲኬት የሚሸጠው ደግሞ ይህ «ነግ በኔ» ነው። አንድ ልምድ ያለው ደራሲ ይህን በደመ ነፍስ ያውቀው ይሆናል። የመረጃ ትንተና የሚያደርገው ከብዙ ፊልሞች ውስጥ ለቅሞ አውጥቶ በቁጥር ማስቀመጥ ነው። ጥያቄው ይህ ቁጥር የሚለካው ምንድን ነው የሚለው ነው። ብዙዎች የጽሑፉን ጥራት ይመስላቸዋል። እኔ ስከታተለው መሣሪያው ለሃያሲ ሳይሆን ለባንክ የብድር ሠራተኛ የቀረበ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ለማየት ግን መጀመሪያ የፊልሙን ንግድ ማየት ያስፈልጋል።

ዳቦ ጋጋሪ የዛሬው ዳቦ ካልተሸጠለት ነገ ያሳንሳል። ፊልም ሠሪ ይህ ዕድል የለውም። ወጪው በሙሉ የሚወጣው አንድም ደንበኛ ዕቃውን ሳያይ ነው። ከቲኬቱ ገቢም ግማሽ ያህሉ ለሲኒማ ቤቱ ይቀራል፤ ማስታወቂያው ደግሞ ለትልልቅ ፊልሞች ብቻውን በአሥርና በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ነው። ስለዚህ በሙያው ውስጥ በጣት የሚሰላ አንድ ልማድ አለ፤ ፊልም ወጪውን መለሰ ለመባል በሲኒማ ቤት ከተሠራበት ገንዘብ ሁለት እጥፍ ወይም ሁለት እጥፍ ተኩል ማስገባት አለበት። ዲዝኒ በመጋቢት 2012 «ጆን ካርተር» በተባለው ፊልም ብቻ 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚከስር አስታውቋል። እንዲህ ያለ ኪሳራ ሊቀር የሚችልበት በጣም ርካሹ ጊዜ ጽሑፉ ገና ወረቀት ላይ እያለ ነው።

ያንን ውሳኔ ለረጅም ዘመን የተሸከሙት አንባቢዎች ናቸው። በየስቱዲዮው ተቀጥረው፣ አንድ መቶ ምናምን ገጽ አንብበው፣ ጥቂት ገጽ ማጠቃለያ ጽፈው፣ መጨረሻ ላይ ከሦስት ፍርዶች አንዱን ያሰፍራሉ፦ ይሠራ፣ ይታሰብበት፣ ይቅር። አብዛኛው ይቅር ነው። ደራሲው ዊልያም ጎልድማን በ1983 የሆሊውድን ዕውቀት በሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ጠቅልሎት ነበር፤ በእኛ ቋንቋ «ማንም ምንም አያውቅም» ማለት ነው። የመረጃ ተንታኞቹ የመጡት ይህን አባባል ለማስተባበል ነው።

እንዴት እንደሚሠሩ በአንድ ምሳሌ እንየው። ጽሑፉን እኔው ፈጥሬዋለሁ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ኢትዮጵያዊ አለ። አንድ ሌሊት ከኋላ ወንበር ላይ የተረሳ ቦርሳ ያገኛል፤ ውስጡ ገንዘብ የለም፣ የፍርድ ቤት ሰነድ ነው። እሱ የቦርሳውን ባለቤት ሲፈልግ፣ ሰነዱ እንዲጠፋ የሚሹ ሰዎች እሱን መፈለግ ይጀምራሉ። 110 ገጽ። አንድ ገጽ በፊልም አንድ ደቂቃ ያህል ስለሚሆን ሁለት ሰዓት አይሞላም።

በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ዋርተን የንግድ ትምህርት ቤት ጆሹዋ ኤሊያሽበርግና ሁለት ባልደረቦቹ በ2007 ያሳተሙት ጥናት እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እንዴት ወደ ቁጥር እንደሚቀይሩት በግልጽ ያሳያል። የ281 ፊልሞችን ዝርዝር ታሪክ ወሰዱ። ከዚያ ታሪኩን የሚያነቡ ሰዎች 22 ጥያቄዎችን አዎ ወይም አይደለም እያሉ እንዲመልሱ አደረጉ። ጥያቄዎቹን ወደ ታክሲያችን እናምጣቸው። መነሻ ሐሳቡ ግልጽ ነው ወይ? አዎ። ዋናው ሰው ልብ ውስጥ ይገባል ወይ? አዎ። ባላንጣው ብርቱ ነው ወይ? እዚህ ላይ አንባቢው እርሳሱን ያቆማል። የሰነዱ ጠላት ፊቱ የሚታየው በ70ኛው ገጽ ነው፤ እስከዚያ ድረስ መስታወቱ የጠቆረ መኪና ብቻ ነው የምናየው። አይደለም። ታሪኩ ወደ ኋላ ሳይመለስ ይሄዳል ወይ? ሾፌሩ ሦስት ጊዜ ጎንደር ያደገበትን ግቢ ያስታውሳል። አይሄድም። ግጭቱ እየከረረ ይመጣል ወይ? አዎ። መጨረሻው ያልተጠበቀ ነው ወይ? እኔ አዎ እላለሁ። ያወራሁለት ጓደኛዬ ግን ቦርሳው ሲከፈት ጀምሮ እንዳወቀው ነግሮኛል። ቁጥሩ ከየት እንደሚነሣ ልብ ይበሉ፤ ከታች ያለው መሠረት የሰው ፍርድ ነው። አንዱን ሰው ላለማመን ብዙ አንባቢ ይጠየቃል፣ የብዙኃኑ መልስ ይወሰዳል እንጂ ኮምፒውተር ስለ መደነቅ የሚያውቀው ነገር የለም።

መልሶቹ፣ ከታሪኩ ቃላት ድግግሞሽ ጋር ተደምረው፣ ወደ ውሳኔ ዛፍ ይገባሉ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ መንታ መንገድ ነው። ባላንጣው ብርቱ ነው? ከሆነ ወደ ቀኝ፣ ካልሆነ ወደ ግራ። ቀጥሎ ግጭቱ ቀድሞ ይጀምራል? እንደገና ቀኝ ወይም ግራ። ጽሑፉ በየቅርንጫፉ እያለፈ አንድ ቅጠል ላይ ያርፋል። እዚያው ቅጠል ላይ ቀድመው ያረፉ፣ ተሠርተው ገቢያቸው የታወቀ ፊልሞች አሉ፤ የእነሱ አማካይ ትርፍ የአዲሱ ጽሑፍ ግምት ይሆናል። አንድ ዛፍ በቀላሉ ስለሚሳሳት ብዙ ዛፎች ተተክለው መልሳቸው ይቀላቀላል። ሒሳቡ በመሠረቱ ይኸው ነው። ኮምፒውተሩ የታክሲ ሾፌሩን አያውቀውም። የሚያውቀው ጎረቤቶቹን ነው፤ «እንዲህ ባለ ሰፈር የኖሩ ፊልሞች ይህን ያህል አስገብተው ነበር» ይላል።

ከዚህ የራቀ መንገድ የተከተሉም አሉ። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት 6,174 ፊልሞችን ወስዶ፣ የቃላቱን ደስታና ኀዘን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየለካ የስሜታቸውን ኩርባ ሥሏል። ከስድስቱ የኩርባ ዓይነቶች ብዙ ገቢ ያገኘው «ጉድጓድ ገብቶ የወጣ ሰው» የሚባለው ነው፤ ደህና የነበረ ሰው ይወድቃል፣ ከዚያም ይነሣል። አያቶቻችን በተረት የሚያውቁትን ቅርጽ በሺህ ፊልም ማረጋገጥ ትንሽ የሚያስፈግግ ነው፤ ቢሆንም ተረጋግጧል።

ይህ ሁሉ በገንዘብ ሲፈተን ምን ይመስላል? በለንደን ኤፓጎጊክስ የሚባል ድርጅት ነበር። ጋዜጠኛው ማልኮልም ግላድዌል በ2006 በኒው ዮርከር መጽሔት ታሪኩን አውጥቶታል። ስማቸው ያልተገለጸ ሁለት ሰዎች ጽሑፉን እያነበቡ ለየትዕይንቱ፣ ለየገጸ ባሕርዩ፣ ታሪኩ ለሚካሄድበት ቦታ ሳይቀር ነጥብ ይሰጣሉ፤ ነጥቡ ከአንጎል የነርቭ መረብ አሠራር በተቀዳ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ አልፎ የቲኬት ገቢ ግምት ሆኖ ይወጣል። አንድ ትልቅ ስቱዲዮ ሊፈትናቸው ገና ለሕዝብ ያልቀረቡ የዘጠኝ ፊልሞችን ጽሑፍ ሰጣቸው። በሦስቱ ፈጽመው ሳቱ። በስድስቱ አትራፊውንና ከሳሪውን ለይተው አወቁ። ከእነዚያ በአንዱ ላይ ስቱዲዮው ከ100 ሚሊዮን ዶላር እጅግ የሚበልጥ ሲጠብቅ፣ ለንደኖቹ 49 ሚሊዮን አሉ፤ ፊልሙ 40 ሚሊዮን እንኳን ሳይሞላ ቀረ።

ይህን ካነበብኩ ወዲህ የሚያስገርመኝ ስድስቱ ሳይሆን የዚያ ፊልም ነገር ነው። ትንበያው ፊልሙ መጥፎ ነው አላለም። 49 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገባ ፊልም በ15 ሚሊዮን ቢሠራ ባለቤቶቹ ያጨበጭባሉ፣ በ100 ሚሊዮን ቢሠራ ሰው ከሥራ ይባረራል። ታሪኩ ግን ያው ነው። አበዳሪ ያልኩት ለዚህ ነው። ባንክ ሱቁ ያምራል አያምርም አይልም፤ ይህ ሱቅ ይህን ያህል ብድር ይሸከማል ወይ ይላል።

አሁን ወደሚሰበርበት ቦታ እንምጣ። ብሩዜዚ ከጋኔኑ ሌላ የቦውሊንግ (ከባድ ኳስ አንከባልሎ የቆሙ እንጨቶችን የመጣል ጨዋታ) ትዕይንት ያለባቸው ፊልሞች ብዙ ጊዜ ገበያ እንደማይቀናቸው ያስጠነቅቅ ነበር። ጋኔኑን አምኜለታለሁ፤ ቦውሊንጉን ግን አላምንም። ከጋኔኑ ጀርባ «ነግ በኔ» አለ፣ ከኳሱ ጀርባ ምን አለ? አንድ ተንታኝ ከፊልሞች ውስጥ 1,000 ነገሮችን ቢቆጥር፣ ማለትም ውሻ፣ ዝናብ፣ ሠርግ፣ መነጽር፣ ቦውሊንግ እያለ ቢሄድ፣ አንዳቸውም ከገቢው ጋር ዝምድና ባይኖራቸው እንኳን፣ ከመቶ አምስቱን በአጋጣሚ በሚያሳልፈው በተለመደው የስታቲስቲክስ መመዘኛ 50 ያህሉ በአጋጣሚ ብቻ ዝምድና ያላቸው መስለው ይወጣሉ። ቦውሊንግ ከአምሳዎቹ አንዱ እንዳይሆን ምን ይከለክላል? በነገራችን ላይ በቦውሊንግ የታወቀው የኮኤን ወንድማማቾች «ዘ ቢግ ለቦውስኪ» በ1998 ሲወጣ በሰሜን አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያስገባው 17 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ሕጉ የሠራ ይመስላል። ያ ፊልም ግን ከዚያ በኋላ በቤት ውስጥ ተመልካች አግኝቶ፣ ወዳጆቹ በየዓመቱ እየተሰበሰቡ በዓል የሚያከብሩለት ሆኗል። በሲኒማ ቤት የቲኬት መስኮት የሚለካ መሣሪያ ይህን አያይም።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይከብዳል፤ የፊልም ገቢ ለአማካይ አይመችም። «ማይ ቢግ ፋት ግሪክ ዌዲንግ» የተባለው የ2002 የሠርግ ኮሜዲ በ5 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ በዓለም ዙሪያ ከ360 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። ከእሱ ጋር አንድ ቅጠል ላይ ያረፉ ሌሎች ዘጠኝ ኮሜዲዎች አሉ እንበል፣ እያንዳንዳቸው 3 ሚሊዮን ያስገቡ። የአሥሩ አማካይ 39 ሚሊዮን ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ከአሥሩ ግን ወደዚህ ቁጥር የቀረበ አንድም ፊልም የለም፤ ዘጠኙ እጅግ በታች ናቸው፣ አንዱ እጅግ በላይ። የምጣኔ ሀብት ምሁራኑ አርተር ደ ቫኒ እና ዴቪድ ዎልስ በ1999 ከ2,000 በላይ ፊልሞችን መርምረው ያገኙት ይህንኑ ነው። ትርፉ በጥቂት ፊልሞች ላይ የተከመረ ነው፣ የገቢው መዋዠቅ ወሰን የለውም፣ ታዋቂ ተዋናይ መቅጠርም ከዚህ አያድንም። ሙሽራዋ ጽሑፍ ሳለች ከዘጠኙ እህቶቿ የሚለያት ነገር በ22 ጥያቄ ውስጥ አልነበረም።

ሦስተኛው ዝም ያለ ችግር ነው። ኮምፒውተሩ የሚማረው ከተሠሩ ፊልሞች ነው። «ይቅር» ተብሎ መሳቢያ የገባ ጽሑፍ ስንት ያስገባ እንደነበር የሚመዘግብ የለም። ፍራንክሊን ሌናርድ በ2005 የጀመረው «ብላክ ሊስት» የሚባለው ዓመታዊ ዝርዝር እዚህ ላይ ብርሃን ይሰጣል፤ የሆሊውድ ሰዎችን ገና ካልተሠሩ ጽሑፎች የወደዳችሁት የቱን ነው ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ከዚያ ዝርዝር ወጥተው ኦስካር የተሸለሙ በርካታ ናቸው።

ስለዚህ አንድ ድርጅት በቁጥር ሲመካ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የቤልጅየሙ ስክሪፕትቡክ በ2018 ሶኒ ከ2015 እስከ 2017 ካወጣቸው 62 ፊልሞች ውስጥ ከከሰሩት 32ቱ 22ቱን አስቀድሞ ያውቃቸው እንደነበር ተናግሯል። ጥሩ። ከቀሩት 30 ፊልሞችስ ስንቱን «ይቅር» ይላቸው ነበር? ሁሉንም ጽሑፍ «ይከስራል» የሚል ሰነፍ መሣሪያ እኮ 32ቱንም ያገኛል። ደግሞስ ፊልሞቹ ከወጡ በኋላ የተደረገ ፈተና ነው፤ ያለፈ ፈተና መልሱ የተለጠፈበት ክፍል ውስጥ እንደመቀመጥ ነው።

በቁጥር ብቻ የሄዱም ነበሩ። ራያን ካቫኖ ያቋቋመው ሬላቲቪቲ ሚዲያ ሞንቴ ካርሎ በሚባል ዘዴ ይኩራራ ነበር፤ ፊልሙን በኮምፒውተር ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ማሳየት ማለት ነው፣ አንዴ ብርቱ ተፎካካሪ ባለበት ሳምንት፣ አንዴ በበዓል፣ አንዴ በሌላ ተዋናይ፣ ከዚያ ስንት ጊዜ እንዳተረፈ መቁጠር። ድርጅቱ በሐምሌ 2015 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ ፍርድ ቤት ገባ። ዋርነር ብራዘርስ ደግሞ በጥር 2020 ሲኔሊቲክ ከሚባል የሎስ አንጀለስ ድርጅት ጋር ተዋውሏል፤ በስክሪን ላይ አንዱን ተዋናይ አውጥቶ ሌላውን ሲያስገቡ ግምቱ ሲወጣና ሲወርድ የሚታይበት ሥርዓት ነው። በሁለት ወር ውስጥ ወረርሽኙ ሲኒማ ቤቶቹን ዘጋቸው። ካለፈው የሚማር መሣሪያ ያልነበረውን አያውቅም።

ወደ አገራችን ሲመጣ ነገሩ በአጭሩ ይቆማል። አሜሪካ ውስጥ የየፊልሙ ገቢ በየሳምንቱ ታትሞ ይወጣል፤ በእኛ ዘንድ የየፊልሙ የቲኬት ገቢ በአንድ ቦታ ተመዝግቦ ለሕዝብ የሚወጣበት አሠራር የለም። ጎረቤት የሌለው ቅጠል ግምት አይሰጥም። ፕሮዲዩሰሮቻችን ግን ያለ ኮምፒውተር ተመሳሳዩን ሥራ ይሠራሉ፤ አንድ የፍቅር ኮሜዲ ሰልፍ ሲያስይዝ አይተው ይመለሳሉ፣ በቀጣዩ ዓመት እሱን የሚመስሉ ብዙ ይመጣሉ። ይህም ከአንድ ቅጠል ላይ የተወሰደ አማካይ ነው፣ በአንድ ፊልም ብቻ የተሰላ።

ታክሲዬን ላስረክብ። አንድ ፕሮዲዩሰር ጽሑፉን 30 ሚሊዮን ዶላር በጀት ይዞ አስገባው እንበል፤ ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው። ግምቱ 31 ሚሊዮን ገቢ ብሎ ተመለሰ። ወጪውን ለመመለስ 75 ስለሚያስፈልገው፣ ይቅር። የወጪውን ዝርዝር ሲገልጠው ትልቁ ገንዘብ ያለው በ84ኛው ገጽ ነው፦ በፖቶማክ ወንዝ ድልድይ ላይ በበረዶ የሚደረግ የመኪና ማሳደድ፣ የሚዘጋ መንገድ፣ የሚሰባበሩ መኪኖች፣ ሦስት ሌሊት። ደራሲው ገጹን እንዲያስተካክል ተጠየቀ። ሌሎቹም ትልልቅ ትዕይንቶች እየሳሱ በጀቱ 8 ሚሊዮን ሆነ፤ ማሳደዱ ስለቀረ ግምቱም ወደ 26 ዝቅ አለ፣ የሚያስፈልገው ግን 20 ብቻ ነው። በአዲሱ 84ኛ ገጽ ድልድዩ የለም። ታክሲው ጠባብ መንገድ ዳር ቆሟል፤ የሰነዱ ጠላት የኋላውን በር ከፍቶ ይገባና ይቀመጣል። ሾፌሩ በመስታወት ያየዋል። ለረጅም ጊዜ ማንም አይናገርም፣ ቆጣሪው ግን እየቆጠረ ነው።